ግባ እስክትለኝ

ያን ሰሞን የወፍጮ ሰፈር ሰው አመሻሽ ላይ ይዘፍንና ዘፈኑን ሳይጨርስ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። አያጨበጭብም፤ ደህና እደሩ አይባባልም። የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስል ጫማውን እንኳ ሳያሰማ ሜዳውን ያቋርጥና በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ከወንዙ ማዶ የመጡትም ድልድዩን ሲሻገሩ ወደ ኋላ አይዞሩም። ሜዳው ላይ የሚቀሩት ሠረገላው፣ በቅሎዋ፣ አናጢውና ባለወፍጮው ብቻ ነበሩ፤ ትንሽ ራቅ ብላ ደግሞ የባለወፍጮው ልጅ።

ሚጡ ይሏታል። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ብዙ ጊዜዋ ቢሆንም ለሰፈሩ ሁሉ ያው ሚጡ ናት። ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ፣ አናጢው ቀና ብሎ እንዲያያት ትጠብቃለች። እሱ ግን የሠረገላውን አግዳሚዎች ወደ ላይ ያጥፋል፣ መቀርቀሪያቸውን ይመታል፣ ለበቅሎዋ ውሃ ያቀርባል። ዛሬም አላያትም። ሚጡንም እንደ ትናንትናው ሆድ ባሳት።

አናጢው የማዶ ሰው ነው። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ብቻዋን አሳደገችው። ሚጡን ያወቃት ከጠቡ በፊት፣ ለወፍጮው አዲስ ቋት ሊሠራ የመጣ ጊዜ ነበር። ሥራው በሳምንት የሚያልቅ ነበር፤ እሱ ግን አንዱን ሳንቃ ደጋግሞ እየላገ ወር አደረሰው። ባለወፍጮው፣ «ይሄ ልጅ እንጨቱን ሊሠራበት ነው ወይስ ሊያገባው?» እያለ ሲቀልድ፣ ሚጡ ዱቄት የነካው ፊቷን ዱቄት በነካው እጇ ትሸፍን ነበር። በኋላ ነገሩ ሲገባው ግን ቀልዱን አቆመ። «ልጄን ለአጣቢ ልጅ?» አለ፤ ከዚያ በላይ መናገርም አላስፈለገውም።

ከዚያ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ጠብ ተነሣ። በውሃ ተጀመረ፣ በዱላ ቀጠለ፣ በእሳት አለቀ። የሚጡ ታላቅ ወንድም ሊገላግል ድልድዩ ላይ ገብቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ማን ገፋው፣ ማን እጁን ሳይዘው ቀረ፣ የሚያውቅ የለም። ወንዙም አልመለሰውም። ባለወፍጮው የሚቀብረው ነገር ስላልነበረው አልቀበረም፤ የልጁን አልጋ እንደተነጠፈ ተወው፣ ኮቱንም ከምስማሩ ሳያወርድ በየሳምንቱ ይቦርሸዋል።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አናጢው በሠረገላ መጣ። ከመንኮራኩሩ እስከ ጣሪያው በገዛ እጁ የሠራው ነው፤ ጎንና ጎኑ በማጠፊያ ተዘርግቶ ወደ ታች ሲወርድ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ይሆናል። ጠብ ባለበት አገር ሁሉ እየዞረ፣ የተኳረፉትን በሁለቱ አግዳሚዎች አስቀምጦ ያዘፍናል። ስብከት የለው፣ ምክር የለው። «ሰው እየዘፈነ መሳደብ አይችልም፤ ትንፋሽ አይተርፈውም» ይላል። ዘፈኑ ሦስት ስንኝ ነው። የመጀመሪያውን የሰፈሩ ሰው ይላል፦

ወንዙ መሃል ሆኖ እኛ ዳርና ዳር፣
ድምፄ ይድረስህ እንጂ እጄስ መች ይሻገር።

የማዶዎቹ በአናጢው መሪነት ይመልሳሉ፦

ድምፅህ ደርሶኝ መጣሁ በሩን ክፈትልኝ፣
ደጅህ ላይ ቆሜያለሁ ግባ እስክትለኝ።

ሦስተኛውን ሁሉም ባንድ ላይ ይላሉ። እሱ የስንብት ስንኝ ነው። ሦስተኛው ሳይባል ሠረገላው ካቆመበት ቦታ አይንቀሳቀስም፤ የአናጢው ሕግ ነው፤ አንድም ቀን አጉድሎት አያውቅም።

በወፍጮ ሰፈር የመጀመሪያው ምሽት ላይ፣ አናጢው ሁለተኛውን ስንኝ ሊያነሣ አፉን ሲከፍት ከእሱ ድምፅ ጎን ሌላ ድምፅ ወጣ። ሰው ሁሉ የጎረቤቱ መሰለው። «ደርሶኝ» ሲል ግን ድምፁ በተሰበረ ጥርስ መሃል እንደሚያልፍ አየር አፏጨ። የሚጡ ወንድም ልጅ ሆኖ ከጋሪ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ነበር። ዘፈን ሲዘፍን የሚያፏጨው እሱ ብቻ ነው። ባለወፍጮው ሠረገላውን ሊያባርር ዱላ ይዞ ከቤት ወጥቶ ነበር፤ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ሦስተኛው ሊነሣ ሲል እጁን ዘርግቶ፣ «በቃ!» አለ። «እዚህ ላይ ይብቃ። ነገም እዚህ ላይ ይብቃ።»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሦስተኛውን ማንም አላነሣውም።

*

«ምነው፣ እህሉን ከነጆንያው ልታስፈጪው ነው እንዴ?» አለቻት አክስቷ።

ሚጡ ወደ ቋቱ የገለበጠችው ጆንያ ግማሹ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ደንግጣ ጎተተችው። የወፍጮው ቀበቶ እየተርገበገበ ቤቱን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። አክስቷ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጣ ወንፊት ትጠግናለች፤ ሞተሩን አሸንፋ ለመናገር የለመደች ስለሆነች ሹክሹክታዋ እንኳ ጩኸት ነው።

«አባትሽ ዛሬ ጠዋት ሲያንጎራጉር ሰማሁት። እህቱ ሆኜ ስኖር ሲያንጎራጉር ሰምቼው አላውቅም። ‹የአጣቢ ልጅ› ሲል የኖረው ሰውዬ አሁን አማቼ ነው የሚለው! እዚሁ ይቅር፣ ጓሮ ላይ ቤት እሠራለታለሁ፣ ልጄንም እድርለታለሁ ብሏል። አንቺ ደግሞ ዘመድ እንደሞተባት ሰው ፊትሽን አጥቁረሽ...» አለችና ምላሷን ነከሰች።

«አያናግረኝም፣ አክስቴ። ከመጣ ጀምሮ ከቀን ወደ ቀን ቃሉ እያነሰ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ዝም ብሏል። ጠዋት ደህና አደርክ ስለው አንገቱን ነቀነቀልኝ። እንደ ቀረጥ ተቀባይ!»

«ወንድ ልጅ ከተፈቀደለት በኋላ ይኮራል። ባሌ ከተፈቀደለት ጀምሮ እስኪሞት እንደኮራ ነበር።»

ሚጡ ሳቀች፤ አክስቷ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ሞተሩን አጠፋችው። ቀበቶው እየተንፏቀቀ ቆመ። የተከተለው ጸጥታ ሁለቱንም አስፈራቸው፤ አክስቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ትናንት ማታ ከአናጢው ጎን ነበር የቆምኩት። ሁለተኛውን ሲል ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ብርድ ነው። ሚጡዬ፣ የወንዝ ሽታ አለው።»

ሚጡ ማታ ማታ የወንድሟን ድምፅ ለመስማት ስትጠብቅ እንደምትውል፣ ሦስተኛው ስንኝ ባይዘፈን ሠረገላው እንደማይሄድ፣ ሠረገላው ባይሄድ አናጢው እንደማይሄድ በልቧ ስታሰላ ሰንብታለች። አባቷን ማንም አልተቃወመውም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን እሷ አልተቃወመችውም። ሁለቱንም አግኝታለች። ይህን ስታስብ የተሰማት ደስታ አንገቷን አስደፋት።

*

ቀትር ላይ ወደ ሠረገላው ሄደች። አናጢው ከበታቹ ተንበርክኮ የተሰነጠቀ የመውጫ እርካብ በአዲስ ሳንቃ ይቀይራል። ከጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። ጥላዋ ሲያርፍበት ቀና አለ፤ ፊቱ ከስቷል፤ ዓይኖቹ ግን ያው የጥንቶቹ ነበሩ። ሚጡ የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ ጠፋት፤ ቁጣዋ ብቻ ቀረ።

«ስማ አንተ! ከፈለግከኝ ፈልገኝ፣ ካልፈለግከኝ በአፍህ ንገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንዙን እያየሁ የኖርኩት ለዚህ ነው? ሰው ሁሉ ‹ሙሽሪት› ይለኛል፤ ሙሽራው ግን ፊት ነሥቶኛል። ለበቅሎዋ እንኳ ጎንበስ ብለህ ጆሮዋን ታክላታለህ!»

አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ከሳንቃ ሥር እንደሚያልፍ ውሃ ያለ ነገር ነበር፤ ቃል የለውም። እንደገና ሞከረ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ከዚያ ተወውና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ በአዲሱ ሳንቃ ላይ ጻፈ።

ድምፄ ሄደ።

ቆማ የነበረችው ሚጡ ተቀመጠች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

በምን አፌ? ብሎ ጻፈና ፈገግ አለ። ፈገግታው አንጀቷን በላው።

ቀስ እያለ፣ እንጨት በሚለካበት እርጋታ፣ መጻፉን ቀጠለ። በየምሽቱ ያኛው ድምፅ እየጠራ ሲሄድ የእኔ ይቀንሳል። አሁን ማታ ላይ አፌን ስከፍት የሚወጣው የእሱ ብቻ ነው።

«ዛሬ ሦስተኛውን እንላለን» አለች ሚጡ። «አባዬ ያለውን ይበል። ዛሬ እንላለን።»

አናጢው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። ወንድምሽ ነው። እኔ አላስወጣውም። የሰፈርሽ ሰው ድልድዩ ላይ ከእኛ ወገን አንድ እጅ ቢይዘው ይተርፍ ነበር ይላል፤ እውነት ይሆናል። ድምፄን ከወሰደብኝ ይውሰድ። አንቺ ከአጠገቤ ካለሽ ዝም ብዬ መኖር አይከብደኝም።

«እኔስ?» አለች ሚጡ። «እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው? ዲዳ ባል አይደለም የሚያስፈራኝ። ሌሊት ስጠራህ የሚመልስልኝ ማን ነው?»

አናጢው ፊቱን አዙሮ፣ ላለማየት ይመስል፣ አንድ መስመር ጨመረ።

ትናንት ስትስቂ አየሁሽና በልቤ «እህቴ» አልኩ።

ሚጡ መስመሩን ደጋግማ አነበበችው። እሱ መላጊያውን አንሥቶ ሳንቃውን ላገው፤ ቃላቱ እየተጠቀለሉ እግሯ ሥር ወደቁ። በጠራራ ፀሐይ መሃል ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮም ከወንድሟ ድምፅ ይልቅ የዚህ ሰው ዝምታ እንደሚብስባት አወቀች።

*

አባቷ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ኮቱን ይቦርሻል። አልጋው አዲስ አንሶላ ለብሷል።

«አባዬ፣ ሰውየው እየጠፋ ነው።»

«የትኛው?» አለ ባለወፍጮው፤ ቀና ሳይል።

«የምወደው። ለእሱ ልትድረኝ ነው ያልከው።»

«እድርሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው። ድምፅ አጣ እንጂ ሞተ?» ከኮቱ ኮሌታ ላይ አንዲት ክር ነቀለ። «ልጄ በየምሽቱ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ ይለኛል። ሰው የገዛ ልጁን ደጅ ላይ ያቆማል እንዴ? ግባ እስክትለኝ እያለ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ዘፈን ነው ብዬ አዳምጣለሁ። ዛሬ እመልስለታለሁ። ግባ እለዋለሁ።»

«ቢገባስ? በማን ገላ ነው የሚገባው?»

ባለወፍጮው ኮቱን በክንዱ ላይ አጠፈና ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ድምፁ ግን ሚዛን ላይ ሲከራከር እንደሚያወጣው ደረቅ ነው።

«ሦስተኛውን የከፈተ ሰው፣ ልጄም ብትሆን፣ ከዚያ በኋላ የዚህ ቤት ሰው አይደለም።»

ሚጡ የወንድሟን አልጋ እያየች ቆመች። ትራሱን አንሥታ አሸተተችው፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው። ያን ጊዜ ናፍቆቱ መላ ሰውነቷን ነዘራት፤ አባቷን መጥላት እንኳ አቃታት።

*

የዚያን ዕለት አመሻሽ ነፋስ አልነበረም። በቅሎዋ ገመዷን እስከ መጨረሻው ወጥራ ከሠረገላው ርቃ ቆማለች። ሁለቱ አግዳሚዎች ሞልተዋል፤ በማዶዎቹ ወገን፣ ጫፍ ላይ፣ የአናጢው እናት ተቀምጣለች። ልጇ ጠፍቶባት ከርሞ፣ እዚህ መሆኑን ሰምታ መምጣቷ ነው። የተሸበሸቡ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከእሱ አታነሣም። ባለወፍጮው የልጁን ኮት አናጢው ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፤ ኮቱ ልክ መጣ፤ አናጢው ግን ድሮ ቁመቱም ትከሻውም ከሟቹ ይበልጥ ነበር።

የመጀመሪያው ስንኝ ተባለ። ለሁለተኛው የማዶ ሰዎች አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ሁሉ አፍ አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ። ጥርት ያለ፣ ወጣት፣ «ስ» ላይ የሚያፏጭ። «ግባ እስክትለኝ» ብሎ ሲጨርስ አናጢው ምላሱን በፊት ጥርሱ ላይ አሻሸ፤ የተሰበረ ጥርስ የሚፈልግ ይመስል። አክስቷ የሚጡን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

ባለወፍጮው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ልጄ... በርዶሃል?»

እስከዚያ ምሽት ድምፁ ከዘፈን በቀር ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«በርዶኛል፣ አባዬ።»

ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰው ቃተተ። አናጢው ራሱን ቀስ አድርጎ አዞረና ሚጡን አያት። ቀትር ላይ ያየቻቸው ዓይኖች አልነበሩም። በፍቅር ነበር የሚያዩዋት፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር፤ አብሯት ዱቄት ውስጥ ተንከባሎ ያደገ ልጅ ፍቅር ነው። ወንድሟ ብቻ በሚጠራት ስም ጠራት።

«ድንቢጥ። አድገሻል። ውሃው ጨለማ ነው፣ ድንቢጥ።»

ሚጡ እቅፍ ልታደርገው ፈለገች፤ ልትጠይቀው የሚገባ ሺህ ነገር ነበር። ባለወፍጮው እጆቹን ዘረጋ፤ ከንፈሮቹ ቃሉን ሊሉ ሲከፈቱ፣ ከማዶ አግዳሚ ጫፍ እናትየው ተነሣች።

«ጌታዬ» አለች። ድምፅዋ አነስተኛ ነበር፤ የሰው በር ላይ ቆሞ መናገር የለመደ ሰው ድምፅ። «የእርስዎ ከገባ፣ የኔው ወዴት ይሂድ?»

የባለወፍጮው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ሚጡ የጀመረችው ያኔ ነው። ብቻዋን፣ ወንዙ ወንድሟን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ዘፍኖ በማያውቅ ጉሮሮዋ፣ ሦስተኛውን ስንኝ ከፈተች፦

ተጨዋውተን አመሸን፣ ወጉንም ጨረስን፣

ማንም አልተቀበላትም። ሰዎቹ መጀመሪያ ባለወፍጮውን፣ ቀጥሎ የገዛ ጫማቸውን አዩ። ስንኙ መሃል ላይ ሊሰበር ሲል አክስቷ ያንን የሞተር ድምፅ የሚያሸንፍ ጉሮሮዋን ከፍታ ገባችበት። እናትየው ተከተለች። ከዚያ የወፍጮ ሰፈር አግዳሚ፣ ከዚያ የማዶው፣ ሁለቱም ተቀበሉ፦

አንተም በሰላም እደር፣ እኛም ቤት ደረስን።

ዘፈኑ አለቀ። በኮቱ ውስጥ ያለው ግን አልዘፈነም ነበር። ባለወፍጮውን ያያል።

«አባዬ?» አለ። በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት ብሎ እንደሚጠይቅ ልጅ ነበር አነጋገሩ። «እንዴት ልሁን?»

ባለወፍጮው ወደ አጣቢዋ ዞረ። ውሃ ያነጣቸውን፣ ጣታቸው የተሸበሸበውን እጆቿን አየ። እነዚያ እጆች ለልመና እንደተዘረጉ ነበሩ፤ የእሱም እጆች እንደዚያው ተዘርግተው ነበር። ቀስ ብሎ የራሱን ሰበሰበ።

«ደህና እደር፣ ልጄ» አለ። «ልትገላግል ነበር የሄድከው። ገላግለሃል። በሰላም እደር።»

ድምፁ «እሺ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

አናጢው በጉልበቱ ተደፋ። ሳል ያዘው፤ ሲያስል ከአፉ የወረደው ውሃ የሠረገላውን እርካብ አራሰ፤ ደለል ነበረበት። እናቱ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ይዛ ጀርባውን ትመታለች። ሳሉ ሲበርድለት አንገቱን አነሣ፤ በተሰነጠቀ፣ በሻከረ፣ ሚጡ በሺህ ሰው መሃል በምታውቀው ድምፅ፣ «ሚጡ» አለ።

ሚጡ አለቀሰች። ለአናጢው መስሏት ነበር፤ ለቅሶው እየጠለቀ ሲሄድ ግን ሁለት ዓመት ያላለቀሰችው የወንድሟ ለቅሶ መሆኑ ገባት። የወፍጮ ሰፈርም የማዶም ሰው ቆሞ አብሯት አለቀሰ፤ ሟቹ ዛሬ የሞተ ያህል። ከዚያም አንድ በአንድ፣ ባለወፍጮውን በትከሻው እየነኩ፣ «ደህና እደር» እያሉ ተለያዩ።

ሜዳው ባዶ ሲሆን ባለወፍጮው ኮቱን ከመሬት አንሥቶ አራገፈ። ልጁን ሳያያት ነበር የተናገረው።

«ሦስተኛው ተዘፍኗል። ሠረገላው ጠዋት ይሄዳል፤ አይደል ሕጉ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«አብረሽው ትሄጃለሽ።»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል።

«ዛሬ አንዱን ቆሜ ሸኝቻለሁ። ሁለተኛ አልችልም» አለ ባለወፍጮው። «ስትወጪ አትቀስቅሺኝ።»

ወደ ቤቱ ገባ። ሚጡ ተረግማ ይሁን ተመርቃ ሳታውቅ ቆመች። ከኋላዋ አናጢው፣ እናቱ አትናገር እያለች እየተቆጣችው፣ የረባ ያልረባውን ያወራል፤ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ እርካቡ፣ ስለ ጥማቱ። ድምፁ በየቃሉ እየተሰበረ ይቀጥላል። ጨለማው ውስጥ ያን ድምፅ ስትሰማ ደስታ ሞላት። ደስታዋ አሳፈራት፤ ግን ደስታ ነበር።